እርግብ ሁሉ እርግብ ናት? ከሸርፍ ተራ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው የእህል ነጋዴ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? ሸርፍ ተራ አካባቢ የእህል ሱቅ አለኝ። እርግቦች ማሽላዬን እየለቀሙ አማረውኛል። በቀደም ታናሽ እህቴ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አሳየችኝ። ሞሪሸስ የምትባል ደሴት ላይ ሮዝ እርግብ አለች። ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት ስንት ገንዘብ ወጥቶ ነው የተረፈችው አለችኝ። እኔ ሳቄ መጣ። እርግብ እርግብ ናት፤ ካለቀችባቸው ከኔ ጣሪያ ላይ አንድ ካርቶን ሞልተን እንላክላቸው፣ ከፈለጉ ቀለም ይቀቧት አልኳት። ተናደደች። ይኸው ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። እውነት የእነዚህ ሁለት እርግቦች ልዩነት ከቀለም ያለፈ ነው? ይዳኙን።»

አብሽር ወንድሜ። ኩርፊያው ያልፋል። ፍርዱን ግን ከወዲሁ ልንገርህ፤ እህትህ ረትታሃለች። ለምን እንደረታችህ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜህን እወስዳለሁ። ቡናህን ይዘህ አንብበው።

እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እንጀራዬ ከበሬ፣ ከበግና ከፍየል ነው። እርግብ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልለቀቀችኝም። እናቴ «ለትምህርትህ እንደ እርግብህ ብትተጋ የት በደረስክ!» ትለኝ ነበር። ይኸው ሸምግዬም ስለ እርግብ እጽፋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልህ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቀለሙን ካነሳህ አይቀር ከእሱ ልጀምር። የሞሪሸሷ እርግብ ሮዝ ስትባል እንደ ልጆች ፕላስቲክ መጫወቻ ደማቅ እንዳትመስልህ። ራሷ፣ አንገቷና ደረቷ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ክንፏ ቡናማ ነው፤ ጭራዋ ወደ ቀይ ያደላል። የምንቃሯ ሥር ቀይ ነው። ክብደቷ 300 ግራም አካባቢ ነው። የከተማዋ እርግብም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ሚዛንህ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው የጎላ ልዩነት አታይም።

ሌላም የሚያመሳስላቸው አለ። ሁለቱም ውሃ ሲጠጡ እንደ ዶሮ ጎንጨት አድርገው ወደ ሰማይ ቀና አይሉም። ምንቃራቸውን ነክረው ውሃውን ይመጥጣሉ። ሁለቱም ጫጩታቸውን መጀመሪያ የሚመግቡት በእህል አይደለም። ከአንገታቸው ሥር ምግብ የሚያጠራቅሙባት ከረጢት አለች። የዚያች ከረጢት ግድግዳ እንደ አይብ ያለ ነገር ያወጣል። የእርግብ ወተት ይባላል። እናትም አባትም ያጠባሉ፤ አዎ፣ አባትየውም። ይህችን የወተት ነገር ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እሷ ላይ ነው።

እንግዲህ በመልክ፣ በክብደትና በአመጋገብ ይህን ያህል ከተቀራረቡ ልዩነቱ የት ነው? ባሳለፉት ኑሮ ነው።

የአንተን ሱቅ የምታስቸግረው ዓይነት እርግብ፣ ማለትም በዓለም ከተሞች ሁሉ የምትታየው፣ መነሻዋ የገደል ወፍ ነበረች። በገደል ንቃቃት ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። ወደ ሜዳ ወርዳ ዘር ትለቅማለች። ሰው መካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ ስንዴና ገብስ መዝራት ሲጀምር ለእሷ ማዕድ ተዘረጋላት። ከዚያ ሰው አላመዳት፤ ይህ ከሆነ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሥጋዋን በላ፣ ኩሷን ለማዳበሪያ ተጠቀመ፣ ደብዳቤ አስላካት። ቀስ በቀስ ከየቤቱ ያመለጡት ከተማ ውስጥ ቀሩ። ለእነሱ ፎቅ ማለት ገደል ነው። የመስኮት ጠርዝ ማለት ንቃቃት ነው። የሱቅህ ቆርቆሮና የግድግዳው መገጣጠሚያ ላይ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ ለጎጆ ልክ ነች።

በዚህ ሁሉ ዘመን ያልገጠማት ጠላት የለም። ድመት አይታለች። አይጥ እንቁላሏን በልቶባታል። ጭልፊት ከሰማይ ወርዶባታል። ልጆች በድንጋይ አሳደዋታል። በሽታም አልቀረላትም። የደከመችው ሞተች፤ የበረታችው ወለደች። አወላለዷም ለጉድ ነው። ምግብ ካገኘች ወቅት አትጠብቅም። ሁለት እንቁላል ትጥላለች። 18 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ። ጫጩቱ በወር ገደማ ይበራል። እሱ ገና ከጎጆ ሳይወጣ ቀጣዩን እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው አሥር ብታባርር ሃያ የምትመጣብህ የሚመስልህ። ዛሬ በዓለም ላይ ቁጥሯ በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል።

አሁን ወደ ደሴቲቱ እንሂድ።

ሞሪሸስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ መሐል ያለች ናት። እሳተ ገሞራ ከባሕር ሥር ያወጣት ምድር ናት። ከየትኛውም አገር ጋር ተያይዛ አታውቅም። ነገሩን ለማየት የእኛን ሐይቅ እስጢፋኖስ አስብ። ድሮ ደሴት ነበር፤ በታንኳ ነበር የሚገባው። ዛሬ በእግር ይገባል። ሰው በእግሩ ከገባ ውሻም፣ ድመትም፣ አይጥም ተከትሎ ይገባል። ሞሪሸስ ግን ለሚሊዮኖች ዓመታት በእግር የገባባት የለም። የገባው በክንፉ የበረረ፣ በማዕበል የተገፋ ወይም በግንድ ላይ የተንሳፈፈ ብቻ ነው። የየብስ ጡት አጥቢ ከተባለ የሌሊት ወፍ ብቻ ነበር። አይጥ የለም። ድመት የለም። ጦጣ የለም። ሰውም የለም።

የሮዟ እርግብ አያቶች እዚያ የደረሱት በክንፋቸው ነው። የቅርብ ዘመዷ ዛሬም ማዳጋስካር ውስጥ አለች። ከደረሱ በኋላ ኑሮ ለጋ ሆነላቸው። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ እንቡጡን፣ ፍሬውን ይበላሉ። ጎጆ የሚሉት ጥቂት ጭራሮ ነው፤ ከሥር ቆመህ እንቁላሉን በቀዳዳ ልታየው ትችላለህ። ለምን ይልፋሉ? ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚሰርቅ የለማ! «እንደ እርግብ የዋህ» ማለት እውነት ለእሷ ነው። ለከተማዋ ግን እጠራጠራለሁ። የሸርፍ ተራዋ እርግብ የዋህ ሳትሆን አራዳ ናት።

በ1598 የሆላንድ መርከበኞች ደረሱ። በ1638 ሰፈሩባት። ከዚያ የሆነውን አንድ የምታውቃት ወፍ ትነግርሃለች፤ ዶዶ። በሥዕል አይተሃት ይሆናል። ግዙፍ፣ ወፍራም፣ መብረር የማትችል፣ ምንቃሯ የተቆለመመ። ዶዶ እርግብ ነበረች ብልህ ታምናለህ? ከእርግብ ቤተሰብ ናት። ለብዙ ዘመን መብረር የሚያስፈልጋት ነገር ስላልነበረ ክንፏ ኮሰሰ፤ ሰውነቷ ገዘፈ። መርከበኞቹ በዱላ እየመቱ በሏት። ከእነሱ የባሰው ግን አብሯቸው የመጣው ነው። አይጡ፣ አሳማውና ጦጣው መሬት ላይ የተጣለውን እንቁላሏን ጨረሱት። ታማኝ የሚባለው የመጨረሻ ምስክርነት የ1662 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሆላንዶች መምጣት 64 ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ሰው ተወልዶ እስኪሸመግል ድረስ አለቀች።

ሮዟ እርግብ ዕድሜዋን ያራዘመላት ክንፏ ነው። ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ ከመጣባት ትበራለች። ሥጋዋ ሰው ያሰክራል የሚል ወሬም ነበር። ይህ ወሬ ሳይጠቅማት አልቀረም ባይ ነኝ። ነገር ግን ዙሪያዋ እየጠበበ ሄደ። ደኑ ተመንጥሮ ሸንኮራ አገዳ ሆነ። ዛሬ በደሴቲቱ ላይ ሳይጎዳ የቀረው ነባር ደን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። የቀረውንም ከውጭ የመጣ የጓቫ ዓይነት ወረረው። በ1900 ደግሞ አንድ ብልህ ነኝ ባይ አይጥ ያጠፋልናል ብሎ ከእስያ ሞንጉስ አስመጣ። ሞንጉስ የእኛን ሸለምጥማጥ የሚመስል አውሬ ነው። ዶሮ ያረባ ሰው ይህን ሲሰማ ሳቁን አይችልም። ሸለምጥማጥ ለቀህ አይጥ ብቻ ይብላ ትላለህ? እርግብንም በላ፤ አይጡም አላለቀም።

በመጨረሻ እርግቦቹ ሸሽተው የተጠጉት አንድ ዝናባማ ዳገት ላይ ነው። የሚገርመው፣ ጎጆ የሠሩበት ዛፍ የደሴቲቱ ዛፍ አልነበረም። ከጃፓን የመጣ፣ እኛ የፈረንጅ ጽድ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ዛፍ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቦታውም ብርድና ጭቃ ነው። ጦጣውም አይጡም ብዙ አይወዱትም። ነባሩ ደን ያላስጠለላትን ወፍ የመጤ ዛፍ ጫካ አስጠለላት። እኔ ራሴ የፈረንጅ ጽድን ስንቴ እንደሰደብኩ አላህ ይወቀው። ለዚህ ለዚህ ግን አንድ ምስጋና አለበት።

1990 እና 1991 ላይ በዱር የቀሩት 10 ያህል ብቻ ነበሩ። አሥር! ከአንተ ሱቅ ደጃፍ በአንድ ጊዜ ከሚነሱት ያንሳሉ።

የማዳኑ ሥራ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ ነው። የእንግሊዙ ጄራልድ ዳሬል ጀርሲ በምትባል ሌላ ደሴት ላይ ያቋቋመው መካነ እንስሳ ጥቂት ወፎች ወስዶ ማራባት ጀመረ። ሞሪሸስ ውስጥም ማራቢያ ተከፈተ። ካርል ጆንስ የሚባል የዌልስ ሰው ከ1979 ጀምሮ እዚያው ከትሞ ሕይወቱን ለእነዚህ ወፎች ሰጠ። ወፎቹ ተራብተው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ ዱር ተለቀቁ። አይጥና ድመት በወጥመድ ተያዘ። ኢል ኦ ዜግሬት የምትባል 26 ሄክታር የሆነች ትንሽ ደሴት ከአይጥ ጸድታ የእርግቦቹ መኖሪያ ሆነች። ተጨማሪ ምግብም ይሰጣቸዋል። ምን መሰለህ? ስንዴና የተከካ በቆሎ። አንተ ሱቅ ያለው ነገር ማለት ነው። አየህ፣ እዚያ የእህል ነጋዴ ብትሆን ደንበኞችህ ነበሩ።

በ2000 ሮዟ እርግብ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት ከሚመደቡበት ከመጨረሻው የአደጋ ደረጃ አንድ እርከን ወጣች። በ2018 ሌላ እርከን ጨመረች። አሁን በዱር ያሉት ከ400 በላይ ናቸው። ጥሩ ነው። ግን 400 ማለት 400 ነው። አንድ ክፉ አውሎ ነፋስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስበው።

ቁጥሩ ሲጨምር የማይጨምር ነገርም አለ፤ ይህን ሰው አያስተውለውም። ሁሉም የመጡት ከጥቂት ወፎች ነው። ስለዚህ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። እኛ አገር ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለምንድን ነው? አንድ አውራ በግ በመንጋው ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቆይ ገበሬው ለምን ይለውጠዋል? ግልገሎቹ እየቀጨጩ ሲመጡ ስላየ ነው። ሮዝ እርግብ ሰባት ቤት ልቁጠር ብትል ሦስተኛው ላይ አጎቷን ታገኘዋለች። በዚህ ምክንያት ሳይፈለፈል የሚቀር እንቁላል በዛ። ከተፈለፈሉትም ሳያድጉ የሚሞቱ አሉ። ስለዚህ በየአገሩ መካነ እንስሳት ያሉት ዘሮች እንደ ደም ባንክ ናቸው። ዱር ውስጥ የጠፋ ዘር እዚያ ተርፎ ሊገኝ ይችላል። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን?» ላልከው፣ አንዱ ወጪ ይህ ነው። የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች መዝግቦ መያዝ። በእግሯ ላይ ቀለበት ታስሮላት፣ እንደ ባላባት ልጅ ትውልዷ ይቆጠርላታል።

አሁን ካርቶንህን አምጣው።

እሺ፣ ሃያ የሸርፍ ተራ እርግብ በካርቶን ሞልተን ሞሪሸስ ላክን እንበል። ጫካ የሚገቡ ይመስልሃል? ወላሂ አይገቡም። ፖርት ሉዊስ ከተማ ወርደው የእህል ሱቅ ይፈልጋሉ። እዚያም የእነሱ ዓይነት እርግቦች ቀድመው ሞልተዋል። የደኑን ዛፍ ቅጠልና አበባ መብላት የሮዟ ሙያ ነው። የአንተዋ ተረፈ ምርት ለቃሚ ናት። ቀለም ብትቀባትም ጠባይዋ አይለወጥም፤ ልጇም ግራጫ ሆና ትወለዳለች።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ በጉሮሯ ይዛው የምትሄደው ነገር ነው።

የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ልጅ የእርግብ ጫጩት በእቅፉ ይዞ መጣ። «መብላት አልቻለችም» አለኝ። አፏን ከፈት አድርጌ አየሁ። ጉሮሮዋ ውስጥ ቢጫ፣ እርጎ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ምራቅ እንኳ አያሳልፍም። ትሪኮሞናስ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ተውሳክ ነው። በአፍ፣ በጉሮሮና በዚያች በነገርኩህ ከረጢት ውስጥ ይኖራል። ብዙ የከተማ እርግቦች ይዘውት ይዞራሉ፤ ምንም አይሆኑም። ለብዙ ሺህ ዓመት አብረውት ስለኖሩ ተላምደውታል። የልጁ እርግብ እናትም ጤነኛ ነበረች። በሽታውን ለልጇ የሰጠችው በወተቷ ነው። ያዝልኝ ያልኩህ ወተት ይኸው።

ለሮዟ እርግብ ይህ ተውሳክ ሌላ ታሪክ ነው። ወደ ሞሪሸስ ሰው ያመጣቸው የውጭ ዋኖሶችና የከተማ እርግቦች ይህን ይዘው ገቡ። በአንድ ውሃ ሲጠጡ፣ አንዱ ከጣለው እህል ሌላው ሲለቅም ይተላለፋል። ሮዟ ይዛ ወደ ጎጆዋ ትሄዳለች። ልጇን ስታጠባ ትሰጣታለች። ጫጩቶቿን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ይህ ሆኖ ተገኘ። ድመቱን በወጥመድ ያዝክ፣ አይጡን በመርዝ አጠፋህ። እናት በአፏ የምታቀብለውን ግን በምን ትይዘዋለህ? ሰዎቹ ምግብ የሚሰጡበትን ቦታ ሌሎች እርግቦች እንዳይጋሩት አድርገው ለመሥራት የደከሙት ለዚህ ነው። መድኃኒት አለው። እኛ አሜባ ሲይዘን ከምንውጠው ከሜትሮኒዳዞል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ጫካ ውስጥ ያለችን ወፍ ግን በየቀኑ ክኒን አታውጣትም።

ሌላም ልንገርህ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ አልበከርኪ ከተማ ባለ መካነ እንስሳ ውስጥ ሮዝ እርግቦችን ለማራባት ተሞከረ። እንቁላሎቹን ለተራ እርግብ ሞግዚት ሰጧቸው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የከተማዋ እርግብ ጎበዝ እናት ናት። ነገር ግን እሷን ምንም የማያደርጋት አንድ የሄርፒስ ቫይረስ ነበረባት። ሮዝ ጫጩቶቹን ገደላቸው። ሞግዚቷ በፍቅር አሳደገች፤ በፍቅር ገደለች። አንተ በካርቶን ልትልክ ያሰብከው ይህችን ሞግዚት ነው።

«ዘመድ ዘመዱን እንዴት ይገድላል?» ካልክ ሩቅ አትሂድ። ወሎ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይና ቦረና ሳይንት ቀይ ቀበሮ አለ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ያሉት አዋቂዎቹ በጠቅላላው ከ500 አይበልጡም። ትልቁ ጠላቱ ማን ነው? ጅብ አይደለም። ነብርም አይደለም። የገበሬው ውሻ ነው። ውሻው ሳይነክሰውም ይገድለዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣበታል። ባሌ ላይ በዚህ በሽታ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። ለዚህ ነው ቀበሮውን ለማዳን ተብሎ በዙሪያው ያሉ የመንደር ውሾች የሚከተቡት። እኛም ሙያተኞች ቀበሮ ልናድን ወጥተን የምንይዘው የእረኛ ውሻ ነው። ብዙ ቁጥር ያለው ዘመድ የተወሰነው ቢሞትበትም ዘሩ ይተርፋል፤ ጥቂት የሆነው ያልቃል። ሮዟም የገጠማት ይኸው ነው።

እስካሁን ፍርዱ ለእህትህ ነው። አሁን ግን ለአንተም የሚሆን አንድ ነገር አለኝ።

እስካሁን «የከተማዋ እርግብ» ስል የቆየሁት በዓለም ከተሞች ሁሉ ያለችውን ነው። ግን እውነት አንተ ጣሪያ ላይ ያለችው እሷ ናት? ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ደጋ ላይ ሰው ሁሉ በጅምላ «እርግብ» የሚላቸው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ያቺ የዓለም ከተሜ ናት። አንገቷ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ያብለጨልጫል። ከመንጋው ነጭም፣ ጥቁርም፣ ዥጉርጉርም ታያለህ። ሁለተኛዋ በዓይኗ ዙሪያ ሰፊ ቀይ ቆዳ አላት፤ ክንፏ የደረቀ ደም የመሰለ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ይህች አፍሪካ ውስጥ በብዙ አገር አለች። ሦስተኛዋ ደፈን ያለ ግራጫ ናት። ከማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ አላት፤ ሸማ ጣል ያደረገች ትመስላለች። ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ቦታ ብልጭ ይላል።

ይህች ሦስተኛዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። የጀርመኑ ኤድዋርድ ሩፔል በ1837 ለሳይንስ መዘገባት። የእኛ ሰው ግን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሲያያት ኖሯል። ፍልፍሉ ዓለት ለእሷ ገደል ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተህ ገደሉን ብታይም ታገኛታለህ። የመስጊድ ሚናራም የቤተ ክርስቲያን ጉልላትም አትመርጥም። በኖኅ መርከብም፣ ነቢዩ ሙሐመድ በተሸሸጉበት በሰውር ዋሻ በርም የእርግብ ታሪክ ስላለ በሁለቱም ደጅ የሚነካት የለም። ወሎ ላይ እርግብ መሆን መታደል ነው።

ደሴ እንጂ ደሴት አይደለንም ብለህ ትስቅ ይሆናል። ደጋ ግን ለወፍ ደሴት ነው። በዙሪያው ቆላ አለ፤ የአፋር በረሃ አለ። ባሕር ሮዟን እንደከበባት ሙቀቱ ይህችን ከብቧታል። ልዩነቱ፣ የእኛዋ ብዙ ናት። አደጋ ላይ አይደለችም። ድመትንም አይጥንም ጭልፊትንም ታውቃለች፤ ከአህጉር ተቆርጣ አልኖረችማ። ስለዚህ እንደ ሞሪሸሷ እንባ አያስፈልጋትም። ብርቅ የማትሆነው ለእኛ ብቻ ነው። ወፍ ለማየት ብሎ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ካሜራውን የሚደግንባት እሷ ላይ ነው። እኛ «እሽ!» ብለን እናባርራታለን።

የማሽላውን ነገር አልረሳሁም። መርዝ አታስብ። የተመረዘች እርግብን ድመት ይበላታል፤ ጥንብ አንሳ ይበላታል፤ አንዳንዴ ልጅ ያነሳታል። ደግሞም ቦታዋ በሳምንት ሌላ ይተካበታል። የሚጠራቸው የፈሰሰው እህል ነው። ማታ ስትዘጋ ደጃፉን ጥርግ አድርግ። ጠዋት ጆንያ ስታራግፍ ሸራ አንጥፍ። ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ድፈን፤ ግን ውስጡ እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ እስኪወጡ ጠብቅ፤ አለዚያ ሽታውን አትችለውም። ኩሱን ደረቁን አትጥረግ። ውሃ ረጭተህ፣ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍነህ ጥረግ፤ አቧራው ለሳንባ አይበጅም። ለዶሮዎችህ ውሃ የምታስቀምጥ ከሆነ እርግቦች በማይደርሱበት አድርገው። ያ ቢጫ እርጎ ለዶሮም ይተርፋል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት ቶሎ አታባርራቸው። እህትህን ጥራት። አብራችሁ አንገታቸውን እዩ። ነጭ አንገትጌ ያላት ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ስንት እንደሆኑም ቁጠሩልኝ። በዓይናቸው ዙሪያ ሰፊ ቀይ ቆዳ ካለም ጻፍልኝ።